ሦስት ጊዜ የተጠራ ስም

ክሌይደን፣ ቻፕል ጎዳና ትምህርት ቤት
ኦክቶበር 7 ቀን 1878

ለወይዘሮ ዳይና ቲከር፣ ስካርዊክ

የተከበሩ ወይዘሮ ሆይ፣

አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ባለቤትዎን ባሕር እንደ ወሰደብዎት ከእህታቸው ከወይዘሮ ማርታ ሰምቻለሁ፤ ዘግይቼም ቢሆን እግዚአብሔር ያጽናዎት። ሐዘን የተቀመጠ ሰው ደጅ ክስ ይዞ መምጣት ስለከበደኝ ይህን ደብዳቤ ሳልጽፍ ሦስት ሳምንት ቆየሁ።

ጉዳዩ ወይዘሮ ማርታ ዘንድ ስላለችው ልጅዎ ስለ ሱዛና ነው። እንደ እርሷ ግማሹን ቀን በሱፍ መፍተያው ፋብሪካ፣ ግማሹን ቀን በእኔ ክፍል የሚውሉ ስልሳ አራት ልጆች አሉኝ። ሕጉን ያውቁታል። አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ ፋብሪካ አይገባም። ከገባም በኋላ ትምህርቱን እንዳላቋረጠ የሚያስረዳ፣ የእኔ ፊርማ ያለበት ወረቀት በየሳምንቱ ካላቀረበ ይሰናበታል። ስለዚህ ስም ስጠራ ቀልድ አላውቅም። ሦስት ጊዜ እጠራለሁ። በሦስተኛው «አቤት» ያላለ ልጅ ቀሪ ነው።

ሱዛና አቤት አትልም። ከፊት ለፊቴ ሁለተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ዓይኔ ላይ ተክላ፣ ሦስት ጊዜ ጠርቻት ዝም ትላለች። አጠገቧ ያለችው ልጅ በክርኗ ስትጎስማት ነው የምትባንነው፤ ያን ጊዜ ግን መዝገቡ ተዘግቷል። እንዲህ በዓይኔ እያየኋት በአንድ ወር አምስት ቀን ቀሪ ብያታለሁ። ሁለት ቀን ከተጨመረ ወረቀቷን መፈረም አልችልም።

ለሌሎቹ የማደርገውን ለእርሷም አድርጌያለሁ። ሁለት ጊዜ መዳፏን በጠፍር መታሁ። ባለፈው ሐሙስ ስሟን የጻፍኩበትን የእጅ ሰሌዳ አንገቷ ላይ አንጠልጥዬ ወንበር ላይ አቆምኳት፤ እስክንበተን ቆመች፤ አላለቀሰችም። ደግሞ ለአሥር ዓመት ልጅ በጣም ትንሽ ናት፤ እኩዮቿ የሚያነቡትን መጽሐፍ አትችለውም።

እልኸኛ ናት ወይስ ጆሮዋን ያማታል? እርስዎ ዘንድ ሳለችስ ስትጠራ እንዲህ ታደርግ ነበር? እባክዎ ሳይሸሽጉ ይንገሩኝ።

አክባሪዎ፣
ሃሪየት ኦርመሮድ፣ መምህርት


ስካርዊክ
ኦክቶበር 12 ቀን 1878

የተከበሩ መምህርት ሆይ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኝ ራሴ አንብቤዋለሁ። መጻፍ ግን አልችልም። የእኛ የሰንበት ትምህርት ቤት በጌታ ቀን መጻፍ ሥራ ነው ብሎ ማንበብ ብቻ ነው ያስተማረን። ይህን የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ አጎት ጆናስ ነው። ጀልባ ነጂ ነበር፤ አሁን እግሩ እምቢ ብሎት ቤት ውሏል።

ሳይሸሽጉ ይንገሩኝ ብለውኛልና አልሸሽግም። ልጄ ሱዛና አይደለችም። ሱዛና የመጀመሪያ ልጄ ነበረች። በሦስት ዓመቷ ጉሮሮ የሚያንቅ ሳል ያዛትና በአራተኛው ቀን ቀበርናት። እርስዎ ዘንድ ያለችው ሁለተኛዋ ልጄ ቲርዛ ናት። ስምንት ዓመቷ ነው።

ባሌ ከነጀልባው በቀረ ጊዜ አንዱ ወንድ ልጄ ሁለት ዓመቱ፣ ሌላው ገና ጡት ላይ ነበር። የድሆች ቤት ሹሞች መጥተው ሁላችሁንም እንወስዳችኋለን፣ ልጆቹ ግን ከእናታቸው ተለይተው ነው የሚያድጉት አሉኝ። ማርታ ደግሞ ፋብሪካው ልጆች ይፈልጋል ብላ ላከችብኝ። የቲርዛ ዕድሜ አልደረሰም። የሱዛና የልደት ወረቀት ሣጥኔ ውስጥ ነበር። ማንም አምጪ አላለኝም፤ ራሴ ነኝ አውጥቼ የሰጠሁት። «ከዛሬ ጀምሮ ስምሽ ሱዛና ነው። ቲርዛ ነኝ ብለሽ የተናገርሽ ቀን እናትሽን ያስሯታል» አልኳት። ልጅቷም እሺ አለች።

እልኸኛ አይደለችም። እሷ ሱዛና የሚባለውን ስም የምታውቀው ከመቃብር እንጨት ላይ ነው። እሁድ እሁድ እየሄድን አረም ስንነቅል «ድምፅሽን ቀንሺ፤ ሱዛና ተኝታለች፣ አትቀስቅሻት» እያልኩ ነው ያሳደግኳት። እና ሱዛና ተብላ ስትጠራ በምን አንደበቷ አቤት ትበል? እባክዎ አይምቱብኝ። ዕድሜዋ እስኪደርስ ብቻ ዝም ይበሉልኝ።

ዳይና ቲከር፣ የመስቀል ምልክቷ X

(ከዚህ በላይ ያለውን ተናግራ ከጨረሰች በኋላ «ቅደደው» አለችኝ። መምህርቷ ለትምህርት ቤቱ ቦርድ ብትነግር ልጅቷም ከሥራ ትባረራለች፣ እናቷም ወደ ወህኒ ትወርዳለች። አልቀደድኩትም። ጀልባ ላይ የሄደውንም የመጣውንም መዝግቦ መያዝ ልማዴ ነውና ከሌሎቹ ግልባጮች ጋር ሣጥኔ ውስጥ ከተትኩት። የተላከው ቀጥሎ ያለው ነው። ጆናስ ዌልበሪ።)


ስካርዊክ
ኦክቶበር 12 ቀን 1878

የተከበሩ መምህርት ሆይ፣

እንደምን ከርመዋል? ስለ ሐዘኔ የጻፉልኝን አንብቤ አመስግኜዎታለሁ። እዚህ ሁላችንም ደህና ነን፤ ትንሹ ልጄ ጥርስ እያወጣ ስለሆነ ብቻ ያለቃቅሳል።

ልጄ ስላስቸገረችዎት በጣም አፍሬያለሁ። ሕፃን ሳለች ኃይለኛ ትኩሳት ይዟት ነበርና ከዚያ ወዲህ አንድ ጆሮዋ አጥርቶ አይሰማም። ዕድሜዋ ወረቀቱ እንደሚለው አሥር ነው። ዘራችን ቁመት የለውም። ትንሽ ቢታገሷት ትለምዳለች። በጭስ የደረቀ ዓሣ ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ፤ ትንሽ ነው ብለው አይናቁብኝ።

ዳይና ቲከር፣ የመስቀል ምልክቷ X

ጸሐፊው ሳይታዘዝ ስለጨመረው ይቅርታ ይጠይቃል። ይህቺ ልጅ የተቀደደ መረብ ስትጠግን እጇ የጎልማሳ ሴት እጅ ነው። እኔ ራሴ እያስተካከልኩ ነው ያስተማርኳት፤ ሁለተኛ ነግሬያት አላውቅም። ከመዳፏ ሌላ የሚመቱት ነገር ቢያገኙ፣ በዕድሜ ስለምበልጥዎት ነው የምለምንዎት። ጆናስ ዌልበሪ።


ክሌይደን
ኖቬምበር 18 ቀን 1878

የተከበሩ ወይዘሮ ቲከር፣

ስለ ዓሣው አመሰግናለሁ። እኔ የሰው ስጦታ አልቀበልም፤ መልሶ መላኩ ግን እስኪደርስ ያበላሸዋል ብዬ ለልጆቹ አካፈልኩት። ለአቶ ጆናስ ይንገሩልኝ፣ እኔም በዚሁ ጠፍር ነው የተማርኩት፤ ይኸው መዳፌ መጻፍ ይችላል።

ስለ ጆሮዋ የጻፉልኝን አምኜ የፊተኛው ወንበር ላይ አስቀምጫታለሁ። በአንዱም በሌላውም ጆሮዋ በኩል ተጠግቼ ጠርቻታለሁ። የፋብሪካው ሐኪም ልጆቹን ሊያይ በመጣ ጊዜም የኪስ ሰዓቱን ከጀርባዋ ይዞ እያራቀ መረመራት። ከማንም ልጅ አብልጣ ትሰማለች ብሎኛል። ስለ ጆሮዋ የጻፉልኝ እውነት አይደለም ማለት ነው። እናት ለልጇ ስትል የምታደርገውን አውቃለሁና በዚህ አልቆጣም።

የምቆጣበት ሌላ ነው። በዲሴምበር መጀመሪያ ከመንግሥት የተላከ ተቆጣጣሪ ይመጣል። ሴቶቹ ልጆች በሙሉ ፊደሉን፣ ስማቸውንና ዕድሜያቸውን የሚጠልፉበት ጨርቅ ሰጥቻቸዋለሁ። የልጅዎ ጥልፍ ከክፍሉ ሁሉ የተሻለ ነበር። አመስግኜአት ጨርቁን ለሌሎቹ ላሳይ ከፍ ባደርገው ስሟ ሊሆን በሚገባው ቦታ ላይ «ቲርዛ» ይላል። ሥሩም «8» የሚል ቁጥር አለ።

ልጆቹ ሳቁ። እኔም ልትቀልድብኝ ነው ብዬ በሁሉም ፊት ጠየቅኳት። ቲርዛ ማን ናት ብላት ዝም። ለምን ጻፍሽው ብላት ዝም። እንዳትቀልድ ያስተማርኳት መስሎኝ ስድስት ጊዜ መታኋት። ወይዘሮ ማርታ በማግስቱ መጥተው ጣቶቿ አብጠው ፋብሪካ ውስጥ የተበጠሰ ፈትል መቋጠር እንዳቃታት ነገሩኝ። የአለቃዋ ቁጣ ደግሞ ከእኔ የባሰ ነው አሉ። ስድስት መብዛቱን አምናለሁ፤ ለዚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አሁን የምጠይቅዎት አንድ ነገር ነው። ቲርዛ ማን ናት? ተቆጣጣሪው ይህን ጨርቅ ካየ እኔ መልስ የለኝም። ከእርስዎ መልስ ካላገኘሁ ጉዳዩን ለትምህርት ቤቱ ቦርድ አቀርባለሁ። እነርሱም የልደት መዝገብ ማስመርመር ይችላሉ።

ሃሪየት ኦርመሮድ


ስካርዊክ
ኖቬምበር 23 ቀን 1878

የተከበሩ መምህርት ሆይ፣

በጤናዎ እንዳሉ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለ ጆሮዋ ስለዋሸሁዎት ይቅር ይበሉኝ። እውነቱን መናገር ሐዘኑን ስለሚያነሣብኝ ነው።

ቲርዛ የሱዛና ታናሽ እህት ነበረች። ሞታለች። ስምንት ዓመቷ ነበር። አባታቸው በቀረበት ሰሞን ስለሆነ ልጅቷ ሁለቱንም ሐዘን አንድ ላይ ነው የተሸከመችው። ስሟን ስትጠራ ዝም የምትለው ልቧ ከእህቷ ጋር ስለሆነ ነው። ጨርቁም ላይ የጻፈችው በናፍቆት እንጂ በቀልድ አይደለም። መዝገብ ማስመርመር የሚያስፈልገው ነገር የለም። እባክዎ ለቦርዱ አይንገሩብኝ፤ ሐዘናችንን ሰው ሁሉ እንዲያወራው አልፈልግም።

ዳይና ቲከር፣ የመስቀል ምልክቷ X

(ይህ ማስታወሻ በሣጥኔ በሚቀረው ግልባጭ ላይ ብቻ ነው። ይህን ስጽፍ ብዕሩን አስቀምጬ «ዳይና፣ በሕይወት ያለ ልጅ ሞተ ብለሽ አታጽፊኝ» አልኳት። «ወረቀት ላይ ነው እኮ፣ አጎት ጆናስ። ወረቀት ልጄን ምን ያደርጋታል?» አለችኝ። ጡት የሚጠባውን ልጅ ጭኗ ላይ ይዛ ነበር። እኔም ሽማግሌ ሞኝ ነኝ፣ ጻፍኩት። ጆ.)


ክሌይደን
ዲሴምበር 9 ቀን 1878

ውድ ወይዘሮ ቲከር፣

ከዚህ በፊት የጻፍኩልዎትን ሁሉ መልሼ መውሰድ ብችል እወስደው ነበር። እኔም ታናሽ ወንድሜን በልጅነቴ ቀብሬያለሁ። ኤድዊን ይባል ነበር። ለአንድ ዓመት ያህል ስሙን በጠመኔ ደረጃ ላይ፣ በጣቴ ጉም በያዘው መስኮት ላይ ስጽፍ ኖሬ፣ ይህንኑ ያደረገችን ልጅ ስድስት ጊዜ መታሁ።

ያደረግሁትን በሁሉም ፊት ስላደረግሁት ማረሙንም በሁሉም ፊት አደረግሁት። ልጅዎን ጠረጴዛዬ አጠገብ አቁሜ ደብዳቤዎን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። የቀሩት ስልሳ ሦስቱም ተነሥተው ቆሙ፤ ለቲርዛ ነፍስ ጸለይን። ያን ቀን ከሁሉ በላይ የሳቀችው ልጅ ራሷ አለቀሰች።

ልጅዎ ደብዳቤውን ላየው አለችኝና ሰጠኋት። «ይህን የጻፈችው እናቴ ናት?» ብላ ጠየቀችኝ። ጽሕፈቱ የአቶ ጆናስ ቢሆንም ቃሉ የእናትሽ ነው አልኳትና ከሥር ያለውን የመስቀል ምልክትዎን አሳየኋት። ጣቷን አስቀመጠችበት። ከዚያም ትምህርት ቤቴ ከገባች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች፤ ያን ያህል የምታለቅስ ልጅም አይቼ አላውቅም። እቅፌ ውስጥ አድርጌ አቆየኋት። እንዲህ ያለ ነገር የእኔ ልማድ አይደለም።

ውጤቱን ሲሰሙ ደስ ይልዎታል። ከዚያን ቀን ወዲህ «ሱዛና ቲከር» ስል ገና በመጀመሪያው ጥሪ ተነሥታ አቤት ትላለች። ተቆጣጣሪው ሲጠራትም እንዲሁ። ንባቧ አሁንም ደካማ ነው፤ ሥርዓቷን ግን በስም አንስቶ አመስግኗታል። ልጅን ያለ ጠፍር ሳቀና ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ጥልፉንም አላስፈታኋትም። ጥቁር ክር ሰጥቻት ለእህቷ መታሰቢያ እንድታደርገው ፈቀድኩላት። «ቲርዛ ቲከር፣ በስምንት ዓመቷ ያረፈች» ብላ ዙሪያውን ሐረግ እየሠራችለት ነው። ሲያልቅ ለእርስዎ እልከዋለሁ።

ከልብ የማከብርዎት፣
ሃሪየት ኦርመሮድ


ስካርዊክ
ዲሴምበር 14 ቀን 1878

የተከበሩ መምህርት ሆይ፣

ስላደረጉልን ሁሉ አመሰግናለሁ። ጨርቁን ግን እባክዎ አይላኩት። ደግሞም ደብዳቤዬን ከእንግዲህ ለማንም አያንብቡልኝ።

በእግዚአብሔር ስም የምጠይቅዎት ነገር አለኝ። ትበላለች? ከልጆች ጋር ትጫወታለች? ስለ ቤቷ ምን ትላለች? እኔን ትጠይቃለች? ለገና አንድ ቀን እንኳ ፋብሪካው ቢለቅቃት እኔ ዘንድ ትመጣ እንደሆን ማርታን ጠይቀው ይጻፉልኝ።

ዳይና ቲከር፣ የመስቀል ምልክቷ X

(መጀመሪያ «ለቲርዛዬ ንገሩልኝ» ብላ አስጀምራኝ ነበር። ከዚያ አስፋቀችኝ። ስለዚህ ነው ወረቀቱ እዚያ ላይ የሳሳው። የኦክቶበሩን ደብዳቤ አውጥቼ «ይኸውና፣ እንላከው» አልኳት። በፀደይ ጀልባ ላይ ሥራ አገኝ እንደሆን፣ እስከዚያ ብቻ፣ አለችኝ። ጆ.)


ክሌይደን
ጃንዋሪ 20 ቀን 1879

ውድ ወይዘሮ ቲከር፣

ገና እንዴት አለፈ? እዚህ ለበዓሉ ፋብሪካው ቆሞ የነበረው አንድ ቀን ብቻ ስለነበር ልጅዎ መምጣት አልቻለችም። የእኔም መልስ የዘገየው በብርዱ ታምሜ ስለ ቆየሁ ነው።

እንደ ጥያቄዎ ቅደም ተከተል እመልሳለሁ። ትበላለች። መጫወት አታበዛም፤ ከፋብሪካ የሚመጡት ሁሉ እንዲሁ ናቸው፣ ከመጫወት መተኛት ይመርጣሉ። ስለ ቤቷ ስትጠየቅ ሁለት ወንድሞች አሉኝ፣ አንዲት እህቴ ሞታለች ትላለች። እርስዎን ስትጠይቅ ሰምቼ አላውቅም።

ከጥፋት የምቆጥርባት አንድ ነገር ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ልታበሽቃት «ቲርዛ፣ ቲርዛ» ብላ ብትጠራት ፊቷን በጥፊ መታቻት። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «የሞተ ሰው ስም መጫወቻ አይደለም» አለችኝ። እውነቷን ስለሆነ አልቀጣኋትም።

አይላኩት ያሉኝ ደብዳቤ የደረሰኝ ጨርቁን ከላክሁ በኋላ ነው። ቅር እንዳይልዎት።

ሃሪየት ኦርመሮድ


ስካርዊክ
ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1879

የተከበሩ መምህርት ሆይ፣

ልጄን ሳላስፈቅድዎት፣ ደጅዎ ደርሼም ሳልሰናበትዎት ስለ ወሰድኳት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደፍሬ ዓይንዎን ማየት አልቻልኩም። በኦክቶበር ጽፌ ያልላክሁትን ደብዳቤ ከዚህ ጋር ያገኙታል። አስቀድመው እርሱን ያንብቡት።

አሁን አውቀዋል።

ጨርቁ በበረዶው ምክንያት መንገድ ላይ ቆይቶ የደረሰኝ ገና ባለፈው ረቡዕ ነው። ዘርግቼ አየሁት። በሕይወት ያለች ልጄ የራሷን መታሰቢያ ሠርታ ልካልኛለች፤ ሐረጉ አንድ ስፌት እንኳ አልተዛባም። ልጆቹን አጎት ጆናስ ዘንድ ጥዬ በዓሣ ጋሪ ባቡሩ ጋ ደረስኩ። የድሆች ቤቱም ይምጣ፣ ወህኒውም ይምጣ ብዬ ነው የሄድኩት።

ልጆቹ ሲበተኑ የትምህርት ቤትዎ በር ላይ ጠበቅኋት። ከሌሎቹ መሐል ወጣች። ቀጥናለች፤ ፀጉሯን ለፋብሪካው ሲሉ ቆርጠዋታል። «ቲርዛ» ብዬ ጠራኋት። አልዞረችም። ከአሥር ክንድ አይርቅም ነበር። ሁለተኛ ጠራሁ፤ አብረዋት ያሉት ልጆች ዞረው አዩኝ፣ እሷ መንገዷን ቀጠለች። ሦስተኛም ጠራሁ።

ከዚያ ምን እንዳስገደደኝ አላውቅም፣ «ሱዛና» አልኩ።

«አቤት» ብላ እየሮጠች መጣች። ስታየኝ ደነገጠች እንጂ አልሸሸችም። አቅፌ «ቲርዛዬ፣ ቲርዛዬ» ስላት አፌን በእጇ ያዘች። መዳፏ የሰው ልጅ መዳፍ አይመስልም። «እማዬ፣ እሷ እኮ ሞታለች» አለችኝ። «አንቺ ነሽ የጻፍሽው። ምልክትሽን አይቼዋለሁ።»

ክስ ማቅረብ ከፈለጉ የሚከሰሰው እኔ ነኝ። ማርታ ያዘዝኳትን ነው ያደረገችው።

ዳይና ቲከር፣ የመስቀል ምልክቷ X


ክሌይደን
ማርች 3 ቀን 1879

ወይዘሮ ቲከር፣

ደብዳቤዎችዎን ልጆቹ ከተበተኑ በኋላ አነበብኳቸው። ምን ብዬ እንደምጀምር ስላላወቅሁ ሁለት ሳምንት ዘገየሁ።

ለማንም አልተናገርኩም፤ አልናገርምም። ደግነት እንዳይመስልዎት። ነገሩ ቢወጣ ቦርዱ የሚጠይቀው እኔንም ነው፤ እኔም ፈርቻለሁ። እርስዎ በጽሑፍ ያሉትን እኔ በሁሉም ፊት አነበብኩት፤ ጸሎቱንም የመራሁት እኔ ነኝ። አቅፌአት ሳለሁ ምን እያስለቀሳት እንደሆነ አላወቅሁም። በዚያ ቀን እጅግ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጠፍሩን ጣልኩት ብዬ አልዋሽዎትም። መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ስልሳ ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ዛሬም አውጥቼዋለሁ።

በመዝገቡ ላይ የሚቀር ሥራ አለ። ትምህርት ቤት የተወ ልጅ ስም ፊት ለፊት ምክንያት ይጻፋል። የተፈቀዱት ቃላት ሦስት ናቸው፤ ዕድሜው አልፏል፣ አገር ለቅቋል፣ ሞቷል። በሱዛና ቲከር ስም ፊት የትኛውን ልጻፍ? በራሴ መወሰን አልቻልኩም። ልጅቷስ እንዴት ናት?

ሃሪየት ኦርመሮድ


ስካርዊክ
ማርች 29 ቀን 1879

ለወይዘሪት ኦርመሮድ፣

እንደምን ከረሙ? ብርዱ እንደ ለቀቀዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ አለን። የድሆች ቤት ሹሞች ሁለት ጊዜ መጥተው ነበር፤ አጎት ጆናስ ከነምርኩዙ በሩ ላይ ተቀምጦ የባሕር ሰው የሚያውቀውን ስድብ ሁሉ አወረደባቸው። ሦስተኛ ይመጣሉ። እስከዚያ ዓሣ አጥባለሁ፣ መረብ እጠግናለሁ።

በሱዛና ስም ፊት «ሞታለች» ብለው ይጻፉ። እውነት ነው። ሰባት ዓመት ዘግይቶ ነው እንጂ። ቲርዛን ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ አይጻፏት።

ልጅቷ እንዴት ናት ላሉኝ፣ ደህና ናት። የታዘዘችውን ሁሉ ገና ሳይነገራት ትሠራለች። ወንድሞቿን ታጥባለች። ጣቶቿ መረቡ ላይ እንደ ድሮው አይደሉም፤ አጎት ጆናስ ዓይቶ ፊቱን ያዞራል። ከሰው ጋር ስትነጋገር ቀና ብላ እጇን ወደ ኋላ ታደርጋለች፣ እርስዎ እንዳስተማሯት። ሱዛና ካልኳት በመጀመሪያው አቤት ትላለች። ስለዚህ ሱዛና አልላትም። ትንሹ ልጄ አፉን ሲፈታ «ቲዛ» ማለት ጀምሯል፤ እሷ «ዝም በል፣ እንዲህ አይባልም» ትለዋለች።

አሁን የእርስዎን ሥራ የያዝኩት እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ ቆሜ ስሟን እጠራለሁ። ሦስት ጊዜ፣ ረጋ ብዬ። አቤት ካላለች አልቆጣም፣ ቁርስ አቀርባለሁ። አርባ ቀን ሆነኝ።

ጨርቁን ልፈታው ብዬ ብይዘው ከእጄ ወሰደችው። ያለፈው እሁድ ይዛው መቃብር ወረደች። የሱዛና እንጨት ላይ በመረብ ክር አሰረችውና ዙሪያውን አረም መንቀል ጀመረች። ከኋላዋ ሆኜ ጠራኋት። ሁለተኛ ጠራሁ። ሦስተኛውን ስጠራ ዞር አለች፤ መጣችልኝ ብዬ ነበር።

ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «እማዬ፣ ድምፅሽን ቀንሺ» አለችኝ። «ቲርዛ ተኝታለች። አትቀስቅሻት።»

ከዚህ በታች ያለውን በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። አጎት ጆናስ አስተምሮኛል።

ዳይና ቲከር
የቲርዛ እናት